የጎጀቡ አድሚራል

ቦንጋ ባሕር የላትም። ዝናብ አላት፣ ጉም አላት፣ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ አላት፤ ባሕር ግን የላትም። ስለዚህ ተድላ በ1984 ዓ.ም. አንድ ሻንጣ ይዞ ሲመለስና ሰዎች ሙያውን ሲጠይቁት፣ «ባሕር ኃይል ነበርኩ፤ የጀልባ ሞተር ነው የምጠግነው» ብሎ ሲመልስ፣ ሰሚው ሁሉ ሳቀ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም። እስቲ አስቡት፤ ከዋጫ ገጠር በብሔራዊ ውትድርና የተወሰደ ሰው፣ ምጽዋና አሰብ ላይ ሰባት ዓመት ከሞተር ጋር ኖሮ፣ መንግሥት ሲወድቅና መርከቦቹ ሲበተኑ በጅቡቲ በኩል ዞሮ፣ ተሃድሶ ገብቶ ወጥቶ፣ የተማረው ትምህርት ምንም ወደማይሠራበት አገር ተመለሰ። ያ አገር ደግሞ የገዛ አገሩ ነበር።

«አድሚራል» ያሉት ያኔ ነው። ስሙ ቶሎ ተጣበቀበት። ዝናብ ካባራ በኋላ መንገዱ ላይ የተኛውን ውሃ እያሳዩ፣ «አድሚራል፣ መርከቧን መቼ ነው የምታስወጣት?» ይሉታል። እሱም አይቆጣም። «ጥልቀቱን ለኩና ንገሩኝ» ይላቸውና ያልፋል። ግን ቤቱ ሲገባ፣ በኋላ ያገባት ልብስ ሰፊዋ የሺሃረግ እንደምትለው፣ አንዳንድ ቀን እራት ሳይበላ ግድግዳ ሲያይ ያመሽ ነበር። ወፍጮ ይጠግናል፣ ሞተር ሳይክል ይጠግናል፣ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ነገር ግን ፎርም በሞላ ቁጥር «የቀድሞ ሠራዊት አባል» የምትለዋ ቃል ትመጣለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው አይኖርም።

በ1989 ነው ነገሩ የተለወጠው። አንድ የውሃ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ አንዲት የአሉሚኒየም ጀልባ ከነሞተሯ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ትቶ ሄደ። ሞተሩ ሲመጣም አዲስ አልነበረም፤ ቀለሙ ተላልጧል፣ ሽፋኑ አንድ ጆሮው ተሰብሯል። ሦስት ወር ግምጃ ቤት ተኛ። ሹፌሮቹ ሞከሩት፣ የጄኔሬተር ሠራተኛው ሞከረው፣ ገመዱን እየሳቡ ትከሻቸው ወለቀ እንጂ አልተነሣም። በመጨረሻ አንዱ እንደ ቀልድ፣ «ኧረ አድሚራሉን ጥሩት» አለ።

ተድላ መጣ። ሽፋኑን ከፈተና መዳፉን ቮላኖው ላይ፣ ያ ከላይ የሚሽከረከረው ከባድ ብረት ላይ፣ ዝም ብሎ አሳረፈ። ሰው ሲያየው የታመመ ሰው ግንባር የሚዳስስ ይመስል ነበር። ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈታ፣ አጸዳ፣ ክፍተታቸውን አስተካከለ፤ ሞተሩን ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ አቁሞ ገመዱን ሦስት ጊዜ ሳበ። በሦስተኛው ተነሣ። የግቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆመ። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም። ተድላ ራሱ ግን ጭሱን ሰበብ አድርጎ ዓይኑን ሲጠርግ ታይቷል ይባላል።

ጀልባዋ የወረደችው ጎጀብ ወንዝ ላይ ነው፤ ከቦንጋ ቁልቁል፣ ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ ሰውን በላብ ከሚያጠምቅበት ቆላ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ገበያቸውም፣ ሕክምናቸውም፣ ዘመዳቸውም በዚህ በኩል ነው። በበጋ ተሻግረው ይመጣሉ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ግን ወንዙ ይሞላና ወይ ግንድ ታቅፈው ነፍሳቸውን ለውሃው ይሰጣሉ፣ ወይ ወደ ድልድዩ አንድ ቀን ተኩል በእግር ይዞራሉ፣ ወይ ይቀራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ይቀሩ ነበር። ጀልባዋ ከመጣች ወዲህ ይህ ቀረ። ጽሕፈት ቤቱ ቀጠረውና ተድላ ክረምት ክረምት ከሰኞ እስከ ዓርብ መሻገሪያው ላይ ጎጆ ሠርቶ ይኖራል፤ ቅዳሜ ወደ ቦንጋ ይወጣል። «አድሚራል» የሚለው ስም እዚያ ወርዶ ቀልድነቱን አጣ። ማዶ ያሉ ልጆች የእውነት ስሙ ይመስላቸው ነበር።

በዚህ ዓይነት ሰባት ክረምት አለፈ። ሰውየው በእነዚያ ክረምቶች ምን ይመስል እንደነበረ ማወቅ የሚፈልግ እትዬ ብርቄን ይጠይቅ። እትዬ ብርቄ መሻገሪያው አፍ ላይ ሻይ የሚሸጡ ሴት ናቸው። «ያ ሰውዬ ወንዙ ላይ ሲሆን ቁመቱ ይጨምራል» ይሉ ነበር። «ምድር ላይ ሲወጣ መልሶ ያጥራል።»

አሁን ወደ ንብ ሰሙ ታሪክ እንምጣ።

በ1995 ክረምት ሞተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሣ ማለት ጀመረ። ተድላ ምክንያቱን አላጣውም። እሳቱን የሚያመነጨው ዕቃ ሁሉ ያለው ከቮላኖው ሥር ነው፤ እዚያ እርጥበት የሚከለክለው ጎማ አርጅቶ ተበጣጥሷል፤ የሌሊቱ ጉም ይገባና እሳቱን ያደክመዋል። ምትክ ጎማ እንዲገዛለት ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ መልስ አልመጣም። አንድ ቀን ማዶ ካለው ወዳጁ ከዋለ ጋር ተቀምጠው ይህን ሲያወራ፣ ዋለ ሳቀበት። ዋለ ንብ አርቢ ነው። ቀፎውን ዛፍ ላይ ይሰቅላል፣ ማሩን በተድላ ጀልባ አሻግሮ ይሸጣል። «እኔ የቅሌን ስንጥቅ በምን እንደምደፍን አታውቅም?» አለው። በማግስቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ሰም አመጣለት፤ ቢጫ፣ ንጹሕ፣ አዲስ የተነጠረ።

በዚያ አገር ሰም የማይደፍነው ነገር የለም። ቅል ይደፍናል፣ ማሰሮ ይደፍናል፣ የከበሮ ጠርዝ ይይዛል። ተድላ ምጽዋ ላይ ይህን አልተማረም፤ የተማረው ዋጫ፣ አባቱ ቤት ነው። ሰሙን አቅልጦ ሽቦዎቹ የሚገቡበትን ቀዳዳና የቮላኖውን ሥር ዙሪያውን ቀባ። ቮላኖውን ለማንሣት የሚያገለግለው መንቀያ ከፕሮጀክቱ ጋር ስላልመጣ፣ ሁሉን ነገር የሠራው ቮላኖው ላይ ባለችው ጠባብ መስኮት በእንጨት እየቀባ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ገመዱ አንዴ ሲሳብ ተነሣ። ዋለ ደስታውን አልቻለውም። መሻገሪያው ላይ ላገኘው ሁሉ፣ «ነጮቹ ያቃታቸውን የእኔ ንቦች ሠሩት» እያለ ሲያወራ ሰነበተ። ተድላም ኮራ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቱን ሕይወቱን፣ የአባቱን ቤትና ባሕሩን፣ አንድ ላይ ያገኘው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

አምና የቀባው ስስ ነበር። ዘንድሮ፣ በ1996 ሰኔ፣ ክረምቱን ሙሉ እንዲቆይ ብሎ ወፈር አድርጎ ደረበበት።

ሐምሌ ሲገባ ሞተሩ መሐል ወንዝ ላይ ጠፋ።

አጠፋፉ ሌላ ነው። ማንጎራጎር የለ፣ ማሳል የለ፤ ሰው በእጁ እንዳጠፋው ጸጥ አለ። ዘጠኝ ሰው ተሳፍሯል። ተድላ መቅዘፊያ አንሥቶ፣ ወንዙ ቁልቁል እየወሰዳቸው፣ እንደምንም ዳር አደረሳቸውና ሽፋኑን ከፈተ። መጀመሪያ ካንዴላውን አወጣ፣ ሽቦው ላይ እንዳለ የሞተሩን አካል አስነክቶ ገመዱን ሳበ፤ እሳት የለም። ስለዚህ ነዳጁ አይደለም። ማጥፊያው ሽቦ ከአካሉ ጋር ተገናኝቶ ይሆናል ብሎ ነቀለው፤ እሳት አሁንም የለም። ከዚያ የባሕር ኃይሉ ሃምሳ አለቃ የመጀመሪያ ቀን ያስተማረውን አደረገ። ሃምሳ አለቃው፣ «መጀመሪያ ኮንታክቱን አጽዱ፣ ከዚያ አስቡ» ይል ነበር። ኮንታክቱ ማለት እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚልከው ጥንድ የብረት ከንፈር ነው። ተድላ ነጭ ጨርቅ ቀደደ፣ ቤንዚን ነከረ፣ በመስኮቲቱ አስገብቶ ከንፈሮቹን አሸት አሸት አድርጎ አወጣው። ጨርቁን አየ። ቢጠቁር ኖሮ ተቃጥሏል ይባል ነበር። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ገባ፣ ነጭ ሆኖ ወጣ። ኮንታክቱ ደኅና ነው ማለት ነው። ካንዴላውን መልሶ ሊያስር ሲል ለማንኛውም ብሎ ገመዱን ሳበ። ሰማያዊ እሳት ዘለለ።

ሞተሩ ተነሣ፤ ሰዎቹም ተሻገሩ። ከሰዓት በኋላ መልሶ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት እንዴት እንዳለፈ የሺሃረግ ስትናገር ድምፅዋ ይወርዳል። ካንዴላዎቹን ቀየረ። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወረ። ሽቦዎቹን በላስቲክ ጠቀለለ። ከቴክኒክ መምህር መለኪያ ተውሶ ለሁለቱም ካንዴላ እሳት የምትሰጠውን ቦቢና ለካ፤ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ተድላ አሰብ ላይ አንድ ነገር አይቶ ነበር። ሲቀዘቅዝ ልክ የሆነ፣ ሲሞቅ የሚሞት ቦቢና አለ። መለኪያው አይናገረውም። ይህም ሞተር ሲቀዘቅዝ ይነሣል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ዳር አውጥተው ከፍተው ሲያዩት ሃያ ደቂቃ ያልፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይነሣል። ነገሩ ሁሉ ገጠመለት። በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ ጨርቁን ቤንዚን ነክሮ ኮንታክቱን ያጸዳል፤ ከዚያ ያስባል። ጨርቁም ሁልጊዜ ነጭ ነው።

ተሳፋሪዎቹ መቀነስ ጀመሩ። ዋለ ብቻ አልቀረም። «ብትሰምጥም ከአንተ ጋር ልስመጥ፤ ማሬን ግን ከፊት አስቀምጥልኝ» ይለው ነበር። ተድላ በዚያ ሰሞን አልሳቀም።

ወሬው ቦንጋ ደረሰ። ነሐሴ መግቢያ ላይ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ መጣ። ሰብሳቢው የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ገብረ ሥላሴ ነው፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ እስክሪብቶውን ከኪሱ የማይለይ ወጣት። ጀልባዋ ትቀጥል ወይስ ትቁም የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ተድላ ይህን ያውቃል። የዚያን ቀን ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ የሺሃረግ የተኮሰችለትን ሸሚዝ ለብሶ ጠበቃቸው። እትዬ ብርቄ ሻይ አቀረቡላቸውና ሳይጠየቁ፣ «ይህን ጀልባ ከወሰዳችሁ እኔንም ጭናችሁ ውሰዱኝ፤ እዚህ ለጉማሬ ሻይ አልሸጥም» አሏቸው። ኮሚቴው ሳቀ።

ሞተሩ ገመዱ አንዴ ሲሳብ ተነሣ። ሄዱ፣ ተመለሱ። ገብረ ሥላሴ በመዝገቡ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ፊቱ ፈካ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ያበቃ ነበር። ግን ከዞን የመጣው ሰው፣ ሰው የሚመላለሰው ቀኑን ሙሉ ነው፣ እስቲ ሌላ ዙር እንይ አለ። ልክ ነበር። ተድላ ራሱ በልቡ ልክ ነህ አለው። በሁለተኛው ዙር ፀሐይ ወጣች። በሦስተኛው፣ መሐል ወንዝ ላይ፣ ጸጥ።

ከመሻገሪያው ብዙ ርቀው ቁልቁል ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። የዞኑ ሰው ጫማ ውሃ ውስጥ ቀረ። ገብረ ሥላሴ ቅርንጫፍ ይዞ ተንጠልጥሎ ወጣ፣ ልብሱን አራገፈ፤ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ጋሽ ተድላ» አለው፣ «እኔ ሞተር አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ። ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡኝ። እኔ ይዤ የምቀርበው የእርስዎን ቃል ነው።»

ከመጣ ጀምሮ በዚያ መሥሪያ ቤት ማንም ሰው እንዲህ ብሎት አያውቅም። የእርስዎን ቃል። ተድላ ቅዳሜ ወደ ቦንጋ ወጥቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ፣ ግማሽ ቀን ጻፈ፣ ቀደደ፣ ጻፈ። የጽሕፈት ቤት ወግ እንዲህ ነው ብሎ ያምን ነበር። ቀለል አድርገህ ከጻፍክ አይሰሙህም፤ ጎማውን ቀለል አድርጎ ጽፎ ምን አገኘ? ጠንከር አድርገህ ከጻፍክ ግን ይደነግጡና ዕቃውን ይገዛሉ። በመጨረሻ የጻፈው ይህ ነው፦ «የሞተሩ ቦቢና ሞቷል። ምትክ ካልተገኘ ሞተሩ ለሰው ማመላለሻ አይሆንም።»

የሺሃረግ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ በትከሻው በኩል አነበበችው።

«ታሟል በል እንጂ ሞቷል አትበል» አለችው።

«ታሟል ካልኩ ይድናል ብለው ይተዉታል።»

«ሞቷል ካልክስ ምን ያደርጋሉ? ሙት ምን ይደረጋል፣ ተድላ?»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ፈረመ።

ደብዳቤው የመጣው ከመስቀል በኋላ ነው። ተድላ የቦቢና ግዢ መስሎት ቆሞ ከፈተው። የባለሙያውን የጽሑፍ ማረጋገጫ መሠረት በማድረግ፣ ምትክ ዕቃውም በአገር ውስጥ ስለማይገኝ፣ ሞተሩ ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ እንዲወገድ፣ ጀልባዋም ተነሥታ ወደ ግምጃ ቤት እንድትገባ ተወስኗል ይላል። «ባለሙያው» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ላይ ተጽፏል። ደጋግሞ አነበበው ይባላል። ያን ቃል ስንት ዓመት ነበር የጠበቀው።

ጀልባዋን የጫኗት ማክሰኞ ነው። ወንዙ ገና ሙሉ ነበር። ማዶ ያሉት ሰዎች ወጥተው ዳሩ ላይ ተደርድረው አዩ። ዋለ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፤ የውሃው ድምፅ ዋጠው። እትዬ ብርቄ ናቸው ሁኔታውን አይተው የተረጎሙት፤ መቼ ትመለሳለህ እያለ ነው አሉ። ተድላ እጁን አነሣ። ምን ማለት እንደሆነ እሱም አላወቀም፤ ዝም ብሎ አነሣ።

የመጨረሻው ሥራ ሞተሩን ፈታትቶ ዕቃውን በዝርዝር ማስመዝገብ ነበር። ለዚህ ቮላኖው መነሣት አለበት። ተድላ ከአንድ ወፍጮ ቤት መንቀያ ተዋሰ። ሰባት ክረምት አልፎ ስምንተኛው እስኪመጣ ይህን መንቀያ መዋስ ለምን እንዳልታሰበው ለራሱም ገርሞታል፤ ግን ያኔ ሞተሩ ጎጀብ፣ መንቀያው ቦንጋ ነበር፤ ደግሞስ በመስኮቲቱ ሁሉን ነገር የሚያይ ይመስለው ነበር። ግምጃ ቤቱ ደጃፍ፣ ረፋድ ላይ፣ ካፊያ እያካፋ፣ መንቀያውን አጠበቀ፤ ቮላኖው ጧ ብሎ ለቀቀ። አነሣው።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የማር ሽታ።

ሰሙ ከቀባበት ቦታ የለም። ቀልጦ ወርዷል። እንደ ቢጫ ቆዳ ከቮላኖው ሥር ያለውን ሳህን ሁሉ ሸፍኖ፣ ሽቦዎቹን አልብሶ፣ እስከ ኮንታክቱ ሥር ደርሶ ቆሟል። ሞተሩ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ስስ ሆኖ ወደ ሁለቱ የብረት ከንፈሮች መሐል ይገባል፣ እሳቱን ይከለክላል። ተድላ ይመጣል፣ በቤንዚን ጨርቅ ያጸዳዋል። ሰም ንጹሕ ነው፤ ነጭ ጨርቅ አያጠቁርም። ሞተሩ ይነሣል፤ ተድላ ቀዘቀዘ ይላል። ማስረጃውን ራሱ በእጁ እየጠረገ ነበር። ከእነዚያ ቀኖች ባንዱ፣ ባንዲቱ ብቻ፣ ጨርቁን ትቶ እጁን ሰብስቦ ሃያ ደቂቃ ቢቀመጥ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞም እንደማይነሣ ያይ ነበር። ቦቢናዋ ምንም አልሆነችም። ጤነኛ ናት። ሞተች ብሎ የፈረመባት እሱ ነው።

ምን ያህል እንደተቀመጠ አይታወቅም። የግምጃ ቤቱ ሰው ምሳ ሄዶ ሲመለስ እዚያው ነበር አለ፤ ካፊያው ራሱ ላይ እየወረደ።

ከዚያ ተነሣ። ሰሙን ፋቀ፣ ሁሉን በቤንዚን አጠበ፣ ኮንታክቱን ለካ፣ ቮላኖውን መልሶ አሰረ፣ ሞተሩን በርሜሉ ላይ አቆመና ውሃ ሞላበት። አንድ ጊዜ ሳበ። ተነሣ። አልጠፋም። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ እስኪሞቅ፣ ጭሱ ግቢውን እስኪሞላ፣ እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን ሰዎች ከየቢሯቸው እስኪወጡ ድረስ ሠራ። አሁን ግን የሚደነቅ አልነበረም። አንዱ ከበረንዳ ሆኖ፣ «አድሚራል፣ በርሜሉን ይዞህ እንዳይሄድ» አለ። ሌላው ዝም አሰኘው።

ገብረ ሥላሴ ወጣና አጠገቡ ቆመ። ተድላ ሁሉንም ነገረው፤ ሰሙን፣ ጨርቁን፣ ቦቢናዋን። አንድም አልደበቀም። ገብረ ሥላሴ እስከ መጨረሻው ሰማው። ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር ቃሉን ጠጋ ብሎ ነው የተናገረው።

«ጋሽ ተድላ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ግን ቃለ ጉባኤው ዞን ገብቷል፣ ተፈርሞበታል። አሁን ይሠራል ብለን ብንጽፍ የመጀመሪያውን ማን ጻፈው ይላሉ። የትኛውን ፊርማዎን ልያዝ?»

«የአሁኑን» አለ ተድላ።

«ሥራ ስላጣ ነው ይላሉ እኮ።»

ተድላ የሚሉት እንደዚያ እንደሆነ ያውቃል። እሱም በነሱ ቦታ ቢሆን እንደዚያ ይል ነበር። ያም ሆኖ ማመልከቻ ጻፈ፤ አንዴ ሳይሆን አራት ጊዜ። ገብረ ሥላሴም ይዞለት ወጣ፣ ወረደ፤ ሰውየው በዚህ አይታማም። መልሱ ግን አንድ ነበር። የተወገደ ንብረት ወደ አገልግሎት የሚመለስበት አሠራር የለም። ተድላ ወፍጮ ወደ መጠገን ተመለሰ። ጀልባዋ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ተገልብጣ ተቀመጠች፤ ከሥሯ ሣር በቀለ።

እትዬ ብርቄ በሚቀጥለው ክረምት የሻይ ዳሳቸውን አፍርሰው ወደ ዋናው መንገድ ወጡ። ወንዙ ሞላ፤ ማዶ ያሉት ቀሩ። እንደ ድሮው ግንድ ታቅፎ የሚሻገርም አልጠፋም፤ ያልደረሰም እንዳለ ተወርቷል። የሺሃረግ ይህን ወሬ ባሏ ፊት አታነሣም፤ እሱ ግን ገበያ ላይ ቆሞ ከማዶ የመጣ ሰው ይፈልጋል፣ ስም በስም ይጠይቃል። ዋለ ደኅና ነው ሲሉት ትንሽ ይተነፍሳል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ እትዬ ብርቄ ቦንጋ ድረስ መጥተው ቤቱን አንኳኩ። በድልድዩ በኩል አንድ ቀን ተኩል ዞሮ የመጣ ሰው አደራ ሰጥቷቸዋል። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ከአምናውም ካቻምናውም የሚተልቅ፣ ቢጫ፣ ንጹሕ ሰም ነው።

«ዋለ ነው የላከልህ» አሉት። «ሞተሩ ተጠግኖ ሲመለስ በደንብ ወፈር አድርገህ ቀባው ብሏል። የራሴ ንቦች ናቸው፣ አይሳሳ ብሏል።»

የሺሃረግ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ተድላ ጥቅሉን በሁለት እጁ ተቀበለ። እውነቱን ልኮ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ከዚያ ያ ሰው ቀፎው ሥር ቆሞ፣ ወንዙን በዚያች በሰጣት ስጦታ እንደዘጋው ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚሆን ታየውና አፉን መልሶ ዘጋ።

«እግዜር ይስጥልኝ በሉት» አለ። «ደርሶኛል በሉት።»

እትዬ ብርቄ የሰጧቸውን ቡና ጠጥተው፣ ከየሺሃረግ ጋር ትንሽ አውርተው ሄዱ። ተድላ ጥቅሉን እንደያዘ ቆየ። ቅጠሉን አልፈታውም። መፍታትም አያስፈልገውም ነበር፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል።